አቶምን ማን አየው?

ከአሥር ዓመት በፊት በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዘጠነኛ ክፍል ኬሚስትሪ አስተምር ነበር። አንድ ቀን እንደ ልማዴ አቶምን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሳልሁ፤ በመካከል አንዲት ነጥብ፣ በዙሪያዋ ክቦች፣ በክቦቹም ላይ ትናንሽ ነጠብጣቦች። ከኋላ ወንበር አንድ ተማሪ እጁን አነሣና፣ «ቲቸር፣ ይኼን ማን አየው?» ሲል ጠየቀኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም፣ «ለፈተና የሚመጣው ሥዕሉ ነው፤ ዝም ብለህ ገልብጥ» አልሁት። ልጁ ገለበጠ። ዓመቱ እስኪያልቅ ድረስ ግን ሁለተኛ ጥያቄ አልጠየቀኝም።

ዛሬ የማስተምረው በአንድ የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ነው። ባለፈው ዓመት ዕጩ መምህራን የማስተማር ልምምድ ሲያደርጉ ለመታዘብ ከአንድ ክፍል በስተኋላ ተቀምጬ ነበር። አንዲት ጎበዝ ዕጩ መምህርት ያንኑ ሥዕል ሳለች፤ አንዲት ተማሪ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀች፤ ዕጩዋም ያንኑ መልስ መለሰች። ዕጩዋን ያስተማርኋት እኔ ነኝ። ስለዚህ ጥፋቱን በእርሷ ላይ ልጽፍ እስክሪብቶዬን ካነሣሁ በኋላ መልሼ አስቀመጥሁት።

ለመሆኑ ለዚያ ልጅ ምን ብዬ መመለስ ይገባኝ ነበር? የሚከተለው ታሪክ የዘገየ መልስ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ጥያቄው የሊቃውንትም ነበር

«አቶም» የሚለው ቃል ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «የማይቆረጥ» ማለት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት ሌውኪፖስና ዴሞክሪቶስ የተባሉ የግሪክ ፈላስፎች፣ ማንኛውም ነገር ከማይከፈሉ ጥቃቅን አካላትና ከባዶ ቦታ የተሠራ ነው ብለው አስተምረዋል። ይሁን እንጂ ይህ በማሰብ ብቻ የተደረሰበት እንጂ በሚዛን የተፈተነ አልነበረም።

ሐሳቡን ወደ ሚዛን ያመጣው እንግሊዛዊው ጆን ዳልተን ነው። ዳልተን እንደ እኛው መምህር ነበር፤ ልጆችን ማስተማር የጀመረውም ገና በ12 ዓመቱ ነው። በ1808 ባሳተመው መጽሐፍ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱ ክብደት ካላቸው የራሱ አቶሞች የተሠራ መሆኑን ገለጸ። ለዚህ ያበቃው ቁጥር ነው። ለምሳሌ 12 ግራም ካርቦን ከ16 ግራም ኦክሲጅን ጋር ሲዋሐድ አንድ ዓይነት ጋዝ ይሆናል፤ ከ32 ግራም ጋር ሲዋሐድ ደግሞ ሌላ ዓይነት ጋዝ ይሆናል። የሁለተኛው ኦክሲጅን የመጀመሪያው ልክ እጥፍ ነው። ኦክሲጅን በቁጥር በሚገቡ ቅንጣቶች የሚመጣ ከሆነ ይህ አያስገርምም፤ አንድ ወይም ሁለት አቶም ይገባል እንጂ አንድ ተኩል አይገባምና።

ዳልተን ሁሉን አላወቀም። ውሃ የሚሠራው ከአንድ ሃይድሮጅንና ከአንድ ኦክሲጅን ነው ብሎ ገምቶ ነበር። ይህ ስሕተት የአቶሞችን ክብደት ስላዛባው ኬሚስቶች ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ሲከራከሩ ኖሩ።

ከዚህም በኋላ ጥርጣሬው አልጠፋም። ኦስትሪያዊው የፊዚክስ ሊቅ ኤርንስት ማኽ ስለ አቶም የሚናገሩትን ሰዎች «አንዱን አይታችኋል?» እያለ ይጠይቅ እንደ ነበር ይነገራል። ጀርመናዊው ኬሚስት ኦስትቫልድም አቶም ለስሌት የሚመች ሐሳብ እንጂ እውነተኛ አካል መሆኑ አልተረጋገጠም ይል ነበር። የክርክሩ ሚዛን ያጋደለው አልበርት አይንሽታይን በ1905 ባቀረበው ስሌትና ፈረንሳዊው ዣን ፔራን ከ1908 ጀምሮ ባደረጋቸው ሙከራዎች ነው። በውሃ ውስጥ የተበተኑ ጥቃቅን ብናኞች ማንም ሳይነካቸው ያለ ዕረፍት ይንቀጠቀጣሉ። የሚገፏቸው የማይታዩት የውሃ ሞለኪውሎች ከሆኑ መንቀጥቀጡ ምን ያህል መሆን እንዳለበት አይንሽታይን አሰላ፤ ፔራን ለካ፤ ልኩም ከስሌቱ ጋር ገጠመ። ኦስትቫልድ ይህን ካየ በኋላ ስሕተቱን በይፋ አመነ።

እንግዲህ ከኋላ ወንበር የተነሣው ጥያቄ የማኽ ጥያቄ ነበር። እኔ በ«ገልብጥ» የዘጋሁትን ጥያቄ ለመመለስ ሊቃውንቱ መቶ ዓመት ፈጅቶባቸዋል።

የማይቆረጠው ተቆረጠ

በዚህ መካከል ሌላ ነገር ደርሶ ነበር። በ1897 በካምብሪጅ የካቨንዲሽ ቤተ ሙከራ ኃላፊ የነበረው ጄ. ጄ. ቶምሰን፣ አየር በወጣለት የመስታወት ቱቦ ውስጥ ከፍተኛ ኤሌክትሪክ ሲለቀቅ የሚታየውን ጨረር ያጠና ነበር። ጨረሩ በማግኔትና በኤሌክትሪክ ኃይል ይታጠፋል። ቶምሰን የመታጠፉን መጠን ለክቶ ጨረሩ ኔጋቲቭ ሙል ካላቸው ቅንጣቶች የተሠራ መሆኑን፣ እነርሱም በክብደት ከሃይድሮጅን አቶም ከአንድ ሺህ ጊዜ በላይ የሚያንሱ መሆናቸውን አስረዳ። በቱቦው ያለው ጋዝ ወይም ብረት ቢለወጥም ቅንጣቶቹ አልተለወጡም። ዛሬ ኤሌክትሮን የምንላቸው እነዚህን ነው።

አቶም በጠቅላላው ሙል የለውም። ኔጋቲቭ ክፍል ካለው ፖዘቲቩ የት አለ? ቶምሰን በ1904 ያቀረበው መልስ፣ ፖዘቲቭ ሙሉ በአቶሙ ኳስ ውስጥ ሁሉ የተሠራጨ ነው፤ ኤሌክትሮኖቹም ዘቢብ በዳቦ ውስጥ እንደሚሰገሰግ በውስጡ ይገኛሉ የሚል ነበር። ተማሪዎቻችን ይህን ሲሰሙ ይሥቃሉ፤ ነገር ግን በዚያን ጊዜ ከነበረው ማስረጃ ጋር የሚጋጭ አልነበረም።

በጨለማ የተቆጠሩ ብልጭታዎች

የቶምሰንን ሥዕል ያፈረሰው የራሱ ተማሪ የነበረው የኒውዚላንድ ተወላጅ ኤርነስት ራዘርፎርድ ነው። ራዘርፎርድ በ1907 በማንችስተር ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ፕሮፌሰር ሆነ። መሣሪያው የአልፋ ቅንጣት ነበር። ይህ ቅንጣት እንደ ራዲየም ካሉ ንጥረ ነገሮች በሴኮንድ ከ15,000 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ፍጥነት ተፈናጥሮ የሚወጣ፣ ክብደቱ የሃይድሮጅን አቶም አራት እጥፍ የሆነና ፖዘቲቭ ሙል ያለው ነው።

ረዳቱ ሐንስ ጋይገር የሚባል ጀርመናዊ ነበር። ኤርነስት ማርስደን የተባለ፣ ገና ትምህርቱን ያልጨረሰ የ20 ዓመት ተማሪም አብሮት ይሠራ ነበር። በ1909 ራዘርፎርድ ለዚህ ወጣት ሥራ ሰጠው፤ የአልፋ ቅንጣቶች እጅግ ከሳሳ ብረት ላይ ሲወረወሩ ወደ ኋላ የሚመለስ አለን? እስቲ ተመልከት አለው። ራዘርፎርድ ራሱ ይኖራል ብሎ አልጠበቀም።

ሥራው አድካሚ ነበር። የአልፋ ቅንጣት በዚንክ ሰልፋይድ የተቀባ ሰሌዳ ሲመታ ደካማ ብልጭታ ይሰጣል። ብልጭታውን ለማየት ተመልካቹ በጨለማ ክፍል ዓይኑ ጨለማውን እስኪለምድ ድረስ ይቀመጥና በማይክሮስኮፕ እያየ አንድ በአንድ ይቆጥራል። አብዛኞቹ ቅንጣቶች ስሱን ወርቅ ምንም እንዳላገኛቸው ሆነው ያልፉታል። ጥቂቶቹ ግን ተመለሱ! በፕላቲኒየም ላይ በተደረገው ቆጠራ ከ8,000 አንዱ ያህል ወደ መጣበት ወገን ተመልሶ ተገኘ።

ራዘርፎርድ ከብዙ ዓመት በኋላ ይህን ሲያስታውስ፣ ትልቅ የመድፍ ጥይት በስስ ወረቀት ላይ ተተኩሶ ተመልሶ ተኳሹን እንደ መምታት ያህል የማይታመን ነበር ብሏል። ለምን እንደ ተደነቀ ለማስረዳት የቶምሰንን ዳቦ መመልከት ይበቃል። ፖዘቲቭ ሙሉ በኳሱ ሁሉ ከተሠራጨ በአንድ ቦታ የሚኖረው ኃይል ደካማ ነው፤ የሚሮጠውን የአልፋ ቅንጣት ጥቂት ቢያጎብጠው እንጂ ሊመልሰው አይችልም። ብዙ ትናንሽ ግፊቶች ተጠራቅመው ይመልሱት ይሆናል ቢባል፣ ሁሉም በአጋጣሚ ወደ አንድ ወገን መግፋት አለባቸው፤ ይህም ከ8,000 አንድ ጊዜ ቀርቶ ጨርሶ የማይጠበቅ ነው።

ራዘርፎርድ ነገሩን ከአንድ ዓመት በላይ ሲያወጣና ሲያወርድ ቆይቶ በ1911 መልሱን አሳተመ። ቅንጣቷን የመለሳት አንድ ብርቱ ግፊት ነው፤ እንዲህ ያለ ግፊት የሚገኘውም የአቶሙ ሙልና ክብደት በመካከል በአንዲት እጅግ ጠባብ ቦታ ሲጠራቀም ነው አለ። የቀረው ባዶ ነው። በዚህ አላቆመም። ሐሳቤ ትክክል ከሆነ በዚህ ማዕዘን ይህን ያህል፣ በዚያ ማዕዘን ያን ያህል ብልጭታ መታየት አለበት ብሎ በቀመር አስቀመጠ። ጋይገርና ማርስደንም ወደ ጨለማው ክፍል ተመለሱ። በ1913 ባወጡት ጽሑፍ ከመቶ ሺህ በላይ ብልጭታ መቁጠራቸውን ገለጹ፤ ቁጥሩም ከቀመሩ ጋር ተስማማ።

አንድ ነገር ልጨምር። ያ ቀመር የመካከሉ ሙል ፖዘቲቭም ሆነ ኔጋቲቭ ቢሆን አይለወጥም። ስለዚህ ራዘርፎርድ በ1911 ጽሑፉ ፖዘቲቭ ነው ብሎ አልደመደመም። ማስረጃው እስከ ደረሰበት ሄዶ እዚያው ቆመ። እኛ በአንድ ክፍለ ጊዜ የምናልፈው ኒውክለስ የተገኘው እንዲህ ነው።

አዲሱ ሥዕልም ጸንቶ አልቆየም

የራዘርፎርድ አቶም ራሱ ችግር ነበረበት። በዚያ ዘመን በታወቀው የፊዚክስ ሕግ መሠረት በክብ የሚዞር ኤሌክትሮን ብርሃን እየረጨ ጉልበቱን መጨረስና ከዓይን ጥቅሻ እጅግ ባነሰ ጊዜ ኒውክለሱ ላይ መውደቅ አለበት። ነገር ግን አቶሞች አይወድቁም። ዴንማርካዊው ኒልስ ቦር በ1913 ኤሌክትሮን በተወሰኑ ምሕዋሮች ላይ ብቻ ይገኛል፤ ብርሃን የሚሰጠውም ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዘል ነው አለ። በዚህም ሃይድሮጅን የሚሰጣቸውን የብርሃን መስመሮች በስሌት አገኛቸው። የእነዚህን መስመሮች የቁጥር ሥርዓት በ1885 አስቀድሞ ያወቀው ደግሞ በስዊስ አገር በባዝል ከተማ የልጃገረዶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር የነበረው ዮሐን ባልመር ነው።

የቦር ስሌት ለሃይድሮጅን ቢሠራም ሁለት ኤሌክትሮን ላለው ለሂሊየም እንኳ አልሠራም። በ1925ና በ1926 ሃይዘንበርግና ሽሮዲንገር ያቀረቡት አዲስ መካኒክስ ምሕዋሮቹን ሻራቸው። ኤሌክትሮን በዚህ ስፍራ የመገኘት ዕድሉ ይህን ያህል ነው ይባላል እንጂ በዚህ መንገድ ይሄዳል አይባልም። ፕሮቶን በ1920 ስሙን አገኘ፤ ጄምስ ቻድዊክም በ1932 ኒውትሮንን አገኘ። እንግዲህ እኔ በሰሌዳ ላይ የሳልኋቸው ክቦች የ1913 ክቦች ናቸው። ሊቃውንቱ ከ13 ዓመት በኋላ የተዉትን እኔ «አቶም ይህ ነው» ብዬ አስገለበጥሁ።

የማርስደን ዘዴ ግን አላረጀም። ከ1967 ጀምሮ በአሜሪካ በስታንፎርድ ኤሌክትሮኖችን በፕሮቶን ላይ የወረወሩ ተመራማሪዎች ከተጠበቀው በላይ በሰፊ ማዕዘን የሚታጠፉ አገኙ። በፕሮቶን ውስጥም ጥቃቅን ነገሮች እንዳሉ የታወቀው በዚህ ነው፤ ዛሬ ኳርክ ይባላሉ። በ1981 በዙሪክ የተሠራው መሣሪያ የአንድን ገጽ አቶሞች ተራ በተራ የሚያሳይ ምስል ሰጥቷል። ያም ቢሆን በቀጭን ጫፍ ከሚለካ የኤሌክትሪክ ፍሰት የተሠራ ሥዕል እንጂ በዓይን የታየ አይደለም።

በክፍል ውስጥ ምን እናድርግ?

ሁለት ነገሮችን ከዕጩዎቼ ጋር ሞክሬአለሁ፤ ሁለቱም ገንዘብ አያስወጡም።

አንደኛው የጤፍ ሙከራ ነው። አንድ ሚሊሜትር የምታህል አንዲት ጤፍ በሜዳው መካከል በነጭ ወረቀት ላይ ትቀመጥ። ይህች የወርቅ ኒውክለስ ብትሆን የወርቁ አቶም ዳርቻ ከእርሷ አሥር ሜትር ያህል ይርቃል። ተማሪዎች በዚያ ርቀት በክብ ይቁሙ። ከአቶሙ ክብደት ከ99.9 በመቶ በላይ የሚሆነው በዚያች ጤፍ ውስጥ መሆኑን ስትነግሯቸው አብዛኞቹ የአልፋ ቅንጣቶች ለምን ሳይነኩ እንዳለፉ ራሳቸው ይናገራሉ።

ሁለተኛው የብይ ሙከራ ነው። ቅርጹ ለተማሪዎች ያልታየ እንጨት በወለል ላይ አስቀምጡና በሰፊ ካርቶን ክደኑት፤ ካርቶኑ ብይ የሚያሳልፍ ያህል በጠጠሮች ከፍ ይበል። ተማሪዎች ከየአቅጣጫው ብይ እያንከባለሉ የገባበትንና የወጣበትን በጠመኔ ያስምሩ፤ ከዚያም ቅርጹን ይሳሉ። በእኛ ሙከራ አንድ ቡድን ባለ ሦስት ማዕዘኑን እንጨት አራት ማዕዘን ነው ብሎ በሙሉ ልብ ተከራከረ፤ ያንከባለሉት ከሁለት ወገን ብቻ ነበርና። ሌላው ቡድን በሦስተኛው ወገን እንዲሞክሩ ጠየቃቸው፤ ሞክረውም ሥዕላቸውን አጠፉ። ሲያጠፉት ማንም አላፈረም።

በመጨረሻ ተማሪዎች ካርቶኑ እንዲነሣ ይለምናሉ። አታንሡት። የአቶምን ክዳን ያነሣ የለምና።

ያን ተማሪ ዛሬ ባገኘው፣ «ማንም አላየውም፤ ነገር ግን የወረወሩትና የቆጠሩት ሰዎች አሉ፤ ና፣ እንዴት እንደ ቆጠሩ ላሳይህ» እለው ነበር። ዕጩዋን መምህርት ግን አግኝቼ ተነጋግረናል፤ ይህን ታሪክ ነግሬያት በሚቀጥለው ሳምንት በዚያው ክፍል በብይ አስተምራለች። ያች ተማሪም ሁለተኛ ጥያቄ ጠየቀች፤ «ካርቶኑ ካልተነሣ ትክክል መሆናችንን በምን እናውቃለን?» አለች። ክፍለ ጊዜው በዚህ ጥያቄ አለቀ። በየትምህርት ቤታችሁ የምትገኙ መምህራን ሙከራዎቹን ሠርታችሁ፣ ተማሪዎቻችሁ ለዚህ ጥያቄ የሰጡትን መልስ በዚሁ መጽሔት ብታሳውቁን ለሁላችንም ይጠቅማል።