ለሐዘን የተከፈተ የሂሳብ መደብ



በአደጋ ጊዜ መዋጮ ስንሰበስብ መዝገባችን ላይ የምንጽፈው ዱቄት፣ ዘይት፣ ብርድ ልብስና ሳሙና ነው። አእምሮው ለታወከ ሰው የሚሆን የሂሳብ መደብ የለንም። ትልልቆቹ ረጂ ድርጅቶችም ለብዙ ዘመን ከዚህ የተሻሉ አልነበሩም። የኢንዶኔዥያዋ አቼ ታሪክ የሚጠቅመን ለዚህ ነው (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

በ2004 መጨረሻ ሱናሚ ሲመታት አቼ ሠላሳ ዓመት ገደማ የፈጀ የትጥቅ ግጭት ውስጥ ነበረች። በኢንዶኔዥያ ከ160 ሺህ በላይ ሰው ሞተ ወይም ደብዛው ጠፋ፤ አብዛኛው የአቼ ሰው ነው። ለአራት ሚሊዮን ያህል ሕዝብ የነበረው የአእምሮ ሆስፒታል አንድ ብቻ ሲሆን እሱም በዋና ከተማዋ ነበር።

በ2007 የረድኤት ድርጅቶች ለአደጋ ጊዜ የአእምሮ ጤና የጋራ መመሪያ አወጡ። ተጎጂውን አንድ ቀን ሰብስቦ የደረሰበትን አስወርቶ መሄድ እንደማይረዳ በግልጽ ይናገራል። የሚያስቀድመው እህሉና ውኃው ሰውን ሳያዋርድ መሰጠቱን፣ ቀጥሎም ቤተሰብና ጎረቤት አብረው የሚያዝኑበት ሁኔታ መኖሩን ነው። ለቅሶ መድረስ ለእኛ አዲስ አይደለም። ነገር ግን ተፈናቃይዋ እድሯን ጥላ ነው የመጣችው፤ በመጠለያው ድንኳን የሚተክልላት፣ ቡና አፍልቶ አብሯት የሚቀመጥ ማን ነው?

አቼ የጤና ጣቢያ ነርሶችንና የመንደር በጎ ፈቃደኞችን አሠለጠነች። በ2010 ደግሞ በየቤቱ ታስረው የሚኖሩ ሕሙማንን ለማስፈታት ዘመቻ ጀመረች። ሰንሰለቱን እኛም አገር እናውቀዋለን።

በሂሳብ ክፍል የምንሠራውን ግን ከሁሉ በላይ ያስገረመን ሌላ ነው። በ2012 ከ23ቱ ወረዳዎች 13ቱ ለአእምሮ ጤና የራሳቸው በጀት ነበራቸው፤ ከአሥር ዓመት በፊት አንድም አልነበረም። የለጋሽ ገንዘብ ፕሮጀክቱ ሲያበቃ ይዘጋል። የወረዳ በጀት ግን በየዓመቱ ይጠየቃል፣ ለምን እንዳነሰም ተጠያቂ አለው።

ስለዚህ ለመጪው ጠቅላላ ጉባኤ በአደጋ ጊዜ ፈንዱ ሥር አንድ መደብ እንዲከፈት ሐሳብ እናቀርባለን። ከተፈናቀሉ እናቶች ጋር ለሚቀመጡ አባላት መጓጓዣ፣ ቡናና ስኳር፣ እንዲሁም ከአደጋው በፊት የአእምሮ መድኃኒት ይወስዱ ለነበሩና ለተቋረጠባቸው ሰዎች የመድኃኒት መግዣ ይሸፍናል። መጠኑን ጉባኤው ይወስናል።