ውሃ አፍልቶ ተራራ የመለካት ታሪክ

«ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል» የምትለውን ዓረፍተ ነገር ሳይሸመድድ ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ በመካከላችን ያለ አይመስለንም። ለፈተና ጽፈናታል፣ ማርክም አግኝተንባታል። ነገር ግን በሐይቅ ከተማም ሆነ በደሴ ወይም በአዲስ አበባ፣ ክዳኑ ባልታሸገ ድስት ውስጥ ንጹሕ ውሃ በ100 ዲግሪ ፈልቶ አያውቅም። ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውሃዋ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ደሴ ላይ ወደ 92 ይወርዳል። ይህች የሸመደድናት ቁጥር እንግዲህ የባሕር ዳርቻ ሰዎች ቁጥር ናት፤ የምጽዋ ሰው ቢላት ያምርበታል።

አንድ ጓደኛችን እንዳጫወተን፣ እሱ በተማረበት ትምህርት ቤት ቴርሞሜትሩ ከ93 አልፎ አልሄድ ሲል «ተበላሽቷል» ተባለና ሁሉም በየደብተሩ 100 ብሎ ጻፈ። ቴርሞሜትሩ ግን ምን አጠፋ? እውነቱን ነበር የተናገረው።

ውሃ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት ከላይ ከተጫነው አየር ግፊት ጋር ሲተካከል ነው። አየር ደግሞ እንደ ውሃ አይደለም፣ ሲጫኑት ይታመቃል። እንግሊዛዊው ቦይል እ.ኤ.አ. በ1662 እንዳሳወቀው፣ ሙቀቱ ሳይለወጥ ግፊቱ እጥፍ ቢሆን የጋዙ ይዞታ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ የታችኛው አየር የላይኛውን ሸክም ተሸክሞ ይታመቃል፤ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ሸክሙ ይቀንሳል፣ አየሩም ይሳሳል። ሐይቅ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው አራት አምስተኛው ያህል ብቻ ነው። በመስከረም 21 የግሸን ማርያምን አቀበት የሚወጣ ምእመን ትንፋሽ የሚያጥረው ለመንገዱ መክበድ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ይህን ነገር የሰው ልጅ ያወቀው ቀስ በቀስ ነው። ጣሊያናዊው ቶሪቼሊ በ1643 ባዜቃ በመስታወት ቱቦ ውስጥ 76 ሴንቲሜትር ያህል ቆሞ እንዲቀር የሚያደርገው የአየር ግፊት መሆኑን አሳየ። በ1648 የፓስካል እኅት ባል ቱቦውን ይዞ ፈረንሳይ ውስጥ ተራራ ወጣ፤ ባዜቃውም ዝቅ አለ። ተራራ በመስታወት ሊመዘን ተቻለ ማለት ነው። ችግሩ ቱቦው ነበር። አንድ ሜትር የሚጠጋ መስታወት በበቅሎ ጭኖ የእኛን ገደል መውረድና መውጣት ምን እንደሚያስከትል ለአምባሰል ሰው መንገር አያስፈልግም። ፋራናይት ቀደም ሲል የውሃ መፍያ ከአየር ግፊት ጋር እንደሚለዋወጥ አስተውሎ ነበርና፣ ዎላስተን የተባለ እንግሊዛዊ በ1817 ለዚሁ የሚሆን ትንሽ መሣሪያ አቀረበ። ከዚያ በኋላ ተጓዡ አንዲት ማፍያና አንድ ጥሩ ቴርሞሜትር ከያዘ በቂው ሆነ። በግምት 300 ሜትር ሲወጣ የመፍያው ሙቀት አንድ ዲግሪ ይወርዳል። አንዲት የዲግሪ አሥረኛ ስሕተት ግን ከፍታውን በ30 ሜትር ታዛባለች።

ሙር የተባለ ተጓዥ በ1837 ከጓደኛው ጋር ሆኖ ሙት ባሕር ከባሕር ወለል በታች መሆኑን ያወቀው በዚሁ ዘዴ ነው። ቻርልስ ቢክ የተባለው እንግሊዛዊ በ1840 ወደ ሸዋ መጣ፤ እስከ 1843 በሸዋና በጎጃም ተዘዋውሮ ካርታ ሠራ፣ የአሥራ አራት ቋንቋዎችንም ቃላት ሰበሰበ። ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ ደግሞ በ1838 ምጽዋ ገብቶ አሥር ዓመት ያህል በአገራችን ሲዘዋወር ውሃ እያፈላ ከፍታ ለካ። 234 የብራና መጻሕፍትን ዘርዝሮ ካታሎግ ያወጣው፣ በ1881 የአማርኛ መዝገበ ቃላት ያሳተመውም እሱ ነው። ለእኛ ለቋንቋና ለታሪክ ተማሪዎች ይህ ሊያስገርመን ይገባል፤ ዛሬ ፊዚክስና ግእዝ በአንድ ግቢ ውስጥ እንኳ ሰላምታ አይለዋወጡም እኮ! በካርታው ላይ የሰፈሩትን የተራራ ስሞች የነገሩት፣ ውሃና እንጨት ያቀረቡት ያገራችን ሰዎች ግን አብዛኛዎቹ ስማቸው አልተጻፈም።

ልኬት ደግሞ ዘወትር ንጹሕ አይደለም። በናፒየር የተመራው የእንግሊዝ ጦር ከዙላ ተነሥቶ ወደ መቅደላ ሲገሠግሥ፣ ማርክሃም የተባለ ጂኦግራፈር አብሮት ነበር። የመቅደላ ከፍታ 9,110 ጫማ ተብሎ በመጻሕፍታቸው ሰፈረ፤ 2,780 ሜትር ገደማ መሆኑ ነው፣ ውሃም እዚያ በ91 ዲግሪ ይፈላል። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን ሠዉ። ቴርሞሜትር ይዞ የወጣው ጦር የብራና መጻሕፍት ጭኖ ወረደ። ቴርሞሜትሩ መቅደላን አስያዘ አንልም፤ ያስያዘው መድፉና ስንቁ፣ የአገር ውስጥ መከፋፈልም ነው። አምባን አምባ ያደረገው ምን እንደሆነ ግን ያለ ቴርሞሜትርም የሚያውቁ ነበሩ፤ የነገሥታት ልጆች በግሸን አምባ ላይ እንዲጠበቁ የወሰኑት ሰዎች ከፍታውን የለኩት በዓይንና በጉልበት ነው።

ለኑሮ የሚጠቅመን ሌላው የዚህ ታሪክ ክፍል ስኮትላንዳዊው ብላክ በ1760ዎቹ የደረሰበት ነው። ውሃ አንዴ ከፈላ በኋላ የቱንም ያህል እሳት ቢጨመር ሙቀቱ አይጨምርም፤ ትርፉ ሁሉ ውሃውን ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ይውላል። ሐይቅ ላይ ከ93 አያልፍም። የባቄላ ንፍሮ በደጋ የሚዘገየው፣ እናቶቻችንም እህሉን ከማታው ዘፍዝፈው የሚያድሩት ያለ ነገር አይደለም። ሙቀቱን ከፍ ለማድረግ ያለው መንገድ እንፋሎቱን ማፈን ነው፤ ፈረንሳዊው ፓፓን በ1679 ክዳኑ የታሸገ ብረት ድስት ያሳየው ለዚሁ ነበር። እንዲህ ያለ ድስት የሌለው ቤት ግን ንፍሮው ከተንተከተከ በኋላ እንጨቱን ቀንሶ ክዳኑን ቢገጥም በዚያው ጊዜ ይበስልለታል። የሚጨመረው እንጨት ውሃውን ያተነዋል እንጂ ባቄላውን አያፈጥነውም፤ ወሎ ውስጥ ደግሞ እንጨት ከየት እንደሚመጣ፣ በማን ጀርባ እንደሚመጣም እናውቃለን።