የሳያኖታይፕ ኅትመት ጉድለቶች

ሳያኖታይፕ የብረት ጨዎችንና የፀሐይ ብርሃንን በመጠቀም በወረቀት ወይም በጨርቅ ላይ ሰማያዊ ምስል የሚያወጣ የቆየ የፎቶግራፍ ማተሚያ ዘዴ ነው። እያንዳንዱ ኅትመት በእጅ ስለሚዘጋጅ ከወረቀቱ፣ ከውሃው፣ ከብርሃኑ ወይም ከኔጌቲቩ የሚመጡ ጉድለቶች የተለመዱ ናቸው። አንድ ዓይነት ጉድለት ከተለያዩ ምክንያቶች ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ የኬሚካሎቹን መጠን ከመለወጥ በፊት የጉድለቱን ምንጭ መለየት ያስፈልጋል።

ታሪክ

ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1842 ያገኘው እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ጆን ኸርሽል ነው። በቀጣዩ ዓመት የዕፅዋት ተመራማሪዋ አና አትኪንስ የብሪታንያን የባሕር አልጌዎች በዚህ ዘዴ እያተመች መጽሐፍ ማዘጋጀት ጀመረች። ይህ ሥራ በፎቶግራፍ ምስሎች የተዘጋጀ የመጀመሪያው መጽሐፍ ተደርጎ ይቆጠራል። ከቅጂዎቹ አንዳንዶቹ እስከ ዛሬ በቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ መሐንዲሶችና አርክቴክቶች ንድፎቻቸውን ለማባዛት በሰፊው ተጠቅመውበታል።

ምስሉ እንዴት እንደሚፈጠር

በተለመደው አሠራር 25 ግራም ፌሪክ አሞኒየም ሲትሬት በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 10 ግራም ፖታሲየም ፌሪሲያናይድ ደግሞ በሌላ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ ይሟሟሉ። ሁለቱ ለየብቻ ይቀመጡና ሲፈለጉ በእኩል መጠን ተቀላቅለው ወረቀቱ ላይ ይቀባሉ። ቅቡ ሲደርቅ ቢጫ አረንጓዴ ይሆናል።

አልትራቫዮሌት ጨረር ቅቡን ሲያገኘው በሲትሬቱ ውስጥ ያለው ብረት (ፌሪክ) ወደ ፌረስ ይለወጣል። ፌረሱ ከፌሪሲያናይዱ ጋር ተዋህዶ በውሃ የማይሟሟ ሰማያዊ ቀለም ይፈጥራል። ይህ ቀለም ፕሩሲያን ብሉ ይባላል። ብርሃን ያላገኘው ቅብ ግን በውሃ ታጥቦ ይሄዳል። ስለዚህ አብዛኞቹ ጉድለቶች ከሁለት ነገሮች የአንዱ ውጤት ናቸው፦ ሰማያዊው መፈጠር በማይገባው ቦታ ተፈጥሯል፣ ወይም መቅረት በሚገባው ቦታ አልቀረም።

ዋና ዋና ጉድለቶች

ነጭ መሆን የሚገባው ክፍል ሰማያዊ መሆን። ቅቡ ከመታተሙ በፊት የቀን ብርሃን ነክቶት፣ ከተቀባ በኋላ እርጥበት ባለበት ቦታ ብዙ ቀን ቆይቶ ወይም ኬሚካሉ አርጅቶ ሊሆን ይችላል። በወረቀቱ ውስጥ ያሉ ባዕድ ነገሮችም ቅቡን ያለ ብርሃን ሊለውጡት ይችላሉ። ሌላው ምክንያት ኔጌቲቩ መሳሳቱ ነው። በኮምፒውተር ተዘጋጅቶ በፕላስቲክ ላይ የታተመ ኔጌቲቭ ለዓይን ጥቁር ቢመስልም ቀለሙ አልትራቫዮሌቱን በበቂ ሁኔታ ላይከለክል ይችላል።

ቢጫ ቀለም መቅረት። ብዙ ጊዜ ያልታጠበ የብረት ጨው ምልክት ነው። የሚያጥበው ውሃ ቢጫ መሆኑን እስኪተው ድረስ መለዋወጥ አለበት።

ሰማያዊው በእጥበት መሄድ። የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የብርሃን ማነስ ነው። ምስሉ ሲታጠብ ስለሚሳሳ ወረቀቱ ከሚፈለገው በላይ የጠቆረ እስኪመስል ድረስ በብርሃን መቆየት ይኖርበታል፤ ጥቁር ክፍሎቹ ወደ ግራጫነት ሲያደሉ ጊዜው ተቃርቧል ማለት ነው። በቂ ብርሃን አግኝቶም ከሄደ ቅቡ ወፍሮ ወደ ወረቀቱ ሳይሰርግ ላይ ላዩን ደርቆ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው ምክንያት አልካላይ ነው።

ሰማያዊው ወደ ቢጫ ቡኒ መለወጥ። ፕሩሲያን ብሉ አሲድን የተሻለ ይቋቋማል፤ አልካላይ ግን ያፈርሰዋል። ካልሲየም ካርቦኔት የተጨመረበት ወረቀት፣ አልካላይ የሆነ የቧንቧ ውሃና የሳሙና ቅሪት ተመሳሳይ ጉዳት ያደርሳሉ። በመጀመሪያው እጥበት ጥቂት ኮምጣጤ ወይም ሲትሪክ አሲድ መጨመር ይረዳል። ይኸው ባሕርይ ለጥቅም ይውላል፦ አንዳንድ አታሚዎች ምስሉን ሆን ብለው በሶዲየም ካርቦኔት ካሳሱ በኋላ በሻይ ውስጥ ይነክሩታል። የሻዩ ታኒን ከብረቱ ጋር ተዋህዶ ምስሉን ቡኒ ወይም ጥቁር ያደርገዋል።

የብሩሽ መስመርና ነጠብጣብ። ቅቡ መድረቅ ከጀመረ በኋላ ደጋግሞ መቦረሽ መስመር ያስቀራል። የሲትሬቱ ውህድ ሻጋታ ስለሚያወጣ ከመጠቀም በፊት ማጥለል ያስፈልጋል። የብሩሹ ብረት ከውህዱ ጋር ተነካክቶም ሰማያዊ ነጠብጣብ ሊፈጥር ይችላል።

የምስል መደብዘዝ። ኔጌቲቩና ወረቀቱ በመስታወት ተጭነው ካልተጣበቁ ጨረሩ በመካከላቸው ገብቶ ጠርዞችን ያደበዝዛል። ቅጠልን የመሰለ ጠፍጣፋ ያልሆነ ነገር በቀጥታ ሲታተምም ብርሃኑ ከሥሩ ይገባል።

ምክንያቱን መለየት

ለነጭ ክፍሎች መበላሸት ቀላል ሙከራ አለ። ከተቀባው ወረቀት ቁራጭ ተቆርጦ ብርሃን ሳያገኝ ወዲያው ይታጠባል። ነጭ ከሆነ ወረቀቱና ኬሚካሉ ደህና ናቸው፤ ችግሩ ያለው በኔጌቲቩ ወይም በብርሃኑ ጊዜ ነው። ሰማያዊ ከሆነ ግን ጉዳቱ የደረሰው ከመታተሙ በፊት ነው። ለብርሃን ጊዜ ደግሞ አንድ ወረቀት በካርቶን እየተሸፈነ ክፍሎቹ ለተለያዩ ደቂቃዎች ይጋለጣሉ። በእያንዳንዱ ሙከራ አንድ ነገር ብቻ መቀየርና መመዝገብ ተገቢ ነው። ወረቀት፣ ውሃና ጊዜ አብረው ከተቀየሩ ኅትመቱ ቢስተካከል እንኳ ምክንያቱ አይታወቅም።

እርጥብ ኅትመት የሳሳ መስሎ ቢታይ ወዲያው እንደ ጉድለት አይቆጠርም። አየር ሲያገኝ በአንድ ቀን ገደማ ሰማያዊው ይጠልቃል። በውሃ የቀጠነ ሃይድሮጂን ፐሮክሳይድ ይህን ለውጥ ወዲያው ያሳያል፤ የመጨረሻውን ጥልቀት ግን አይጨምርም።

አያያዝ

ለረጅም ጊዜ ብርሃን ላይ የተሰቀለ ሳያኖታይፕ ሊሳሳ ይችላል። ጨለማ ውስጥ አየር ሲያገኝ ግን ከጠፋው ቀለም አብዛኛው ሊመለስ ይችላል። በአልካላይ የፈረሰ ምስል በዚህ መንገድ አይመለስም። በመሆኑም ለሌሎች ፎቶግራፎች የሚመከረው አልካላይ የተጨመረበት መጠቅለያ ለሳያኖታይፕ አይሆንም።

ጥንቃቄ

ፖታሲየም ፌሪሲያናይድ ከጠንካራ አሲድ ጋር መቀላቀል ወይም መሞቅ የለበትም፤ መርዛማ የሳያናይድ ጋዝ ሊለቅ ይችላል። ዱቄቶቹ ሲመዘኑ ጓንትና የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ያስፈልጋል። ለዚህ ሥራ የዋሉ ዕቃዎች ለምግብ አይውሉም።