ዋሊያስ ባንድ

ዋሊያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ የተመሠረተ፣ የኢትዮጵያን ቅኝቶች ከጃዝና ከፈንክ ጋር በማዋሐድ የታወቀ የሙዚቃ ቡድን ነው። በሒልተን ሆቴል ለዓመታት ተጫውቷል፤ በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ ገደብ የተነሣ ታዳሚው እስኪነጋ እዚያው የሚቆይባቸው ሌሊቶች ነበሩ።

ድምፃዊ በገነነበት ገበያ በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ አልበም ማሳተም ድፍረት ይጠይቅ ነበር። የዚህ ሙከራ ዋና ውጤት በ1977 የወጣው «ቼ በለው» ነው። የኃይሉ መርጊያ ኦርጋን ዜማውን ይመራል፣ የሞገስ ሀብቴ ሳክስፎን ይቀበለዋል፣ ሙላቱ አስታጥቄ ደግሞ በእንግድነት ቫይብራፎን ይጫወታል። ከአልበሙ ሥራዎች ይበልጥ የታወቀው «ሙዚቃዊ ስልት» በኋላ የውጭ አገር ባንዶችም ደጋግመው የተጫወቱት ሥራ ሆኗል።

ቡድኑ በ1981 ወደ አሜሪካ ለኮንሰርት ተጓዘ፤ ኃይሉን ጨምሮ ከፊሎቹ አባላት በዚያው ቀሩ። ኃይሉ በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዳ ኖረ፤ በ1985 በአኮርዲዮንና በኤሌክትሮኒክ ኪቦርድ ብቻውን የቀረጸው ካሴት በ2013 ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ በተባለው የሙዚቃ አሳታሚ ዳግም ሲታተም የዓለም አቀፍ ጋዜጦች ትኩረት ወደ እርሱ ዞረ። «ቼ በለው» በ2014 ዳግም ታተመ፤ «ላላ በሉ» የተሰኘው የኃይሉ አዲስ አልበም ደግሞ በ2018 ወጣ።