ጋኑ የተዘለለበት የጠላ ታሪክ

ስለ ጠላ ሲወራ ወሬው ከገብሱና ከጌሾው አያልፍም። የጎንደሩ እንዲህ ነው፣ የሸዋው እንዲያ ነው፤ ጌሾው በዛ፣ እንኩሮው አረረ እየተባለ ሙያ የሚለካው ጋን ውስጥ በገባው ነገር ነው። ጠላው የተጠመቀበት ዕቃ፣ ዕቃው የተቀመጠበት ቦታ፣ ከሥሩ የተደረገለት ድጋፍ እንደ ቤቱ ግድግዳ ስለሚቆጠር ስሙን የሚያነሣ የለም። እኔ ግን ታሪኩ ከዚህ ከተረሳው ወገን ቢነበብ ይበልጥ ይገባል እላለሁ። እህሉ ከአገር አገር፣ ከዘመን ዘመን ሲለዋወጥ ኖሯል። ጸንቶ የቆየው የጓዳው ሥርዓት ነው፦ ጋኑ፣ ማጠኛው፣ መክደኛውና መቀመጫው።

ቋንቋው ራሱ ወደዚያው ይመራል። እንጀራ ይጋገራል፣ ወጥ ይሠራል፣ ጠላ ግን ይጠመቃል። ጠመቀ ከጥምቀት ጋር ሥሩ አንድ ነው፤ መንከር፣ ውሃ ውስጥ መዝፈቅ ነው ነገሩ። ቃሉ ስለ እህል አያወራም፣ ስለ እሳትም አያወራም፤ አንድ ነገር ውሃ በያዘ ዕቃ ውስጥ ገብቶ መቆየቱን ብቻ ይናገራል። የመጀመሪያው ደረጃ ጥንስስ ይባላል፤ ሴራም ይጠነሰሳል። ተከድኖ፣ ከዓይን ርቆ፣ ቀኑን ጠብቆ የሚፈላ ነገር ሁሉ በዚህ ቃል መጠራቱ አያስገርምም። የተደበቀ ችሎታ ያለውን ሰውም የጋን መብራት እንለዋለን። ለጠላ ቤት ሥራ ባዕድ የሆነ ሕዝብ እንዲህ ያለ አነጋገር አይወልድም።

አሠራሩን በተራ ብናየው ነገሩ ይጠራል። ጋኑ መጀመሪያ በግራዋ ቅጠል እየታሸ ይታጠባል። ከዚያ የወይራ ፍልጥ ወይም ጥንጁት ፍም ላይ ይደረግና ጋኑ አፉን ቁልቁል ተደፍቶ ይታጠናል። ጢሱ ሁለት ሥራ አለው። ሸክላ ትንንሽ ቀዳዳ የበዛበት በመሆኑ ያለፈው ጥምቅ ርዝራዥ ውስጡ ይደበቃል፤ ጢሱ ያንን ያዳክማል፤ ለሚመጣው መጠጥ ደግሞ ሽታውን ያወርሳል። በታጠነው ጋን የተወቀጠ ጌሾና የተፈጨ ብቅል በውሃ ተበጥብጦ ጥንስስ ይሆናል። ጥንስሱ ጥቂት ቀን ከሠራ በኋላ ቂጣ ተቆራርሶ ይገባበታል፤ ቀጥሎም እንኩሮው፣ ማለትም ተቆልቶ የተፈጨው አሻሮ ውሃ ተርከፍክፎበት ምጣድ ላይ እስኪጠቁር የታመሰው፣ ሲጨመር ድፍድፍ ይባላል። በመጨረሻ ውሃ ይሞላና አፉ ተሸፍኖ በጭቃ ይመረጋል። ቢራ ፋብሪካ ማጠቢያውን፣ ማፍያውንና ማቆያውን በየበርሜሉ ለያይቶ የሚሠራውን፣ እዚህ አንድ ሸክላ ብቻውን ይሸከመዋል። ፋብሪካው እርሾ ገዝቶ ይጨምራል፤ የጠላ ጠማቂዋ እርሾዋን ከብቅሉ፣ ከጌሾውና ከአካባቢው ታገኛለች። ያልተጋበዘ እንግዳ እንዳይቀላቀል የምትቆጣጠረው በማጠንና በመምረግ ነው። ጭቃው ቢሰነጠቅና አየር ቢገባ አልኮሉ ወደ ሆምጣጤ ይሄዳል፤ የጌሾው ብዛትና የእህሉ ጥራት ያን አይመልሰውም። ተራው ጠላ ብዙውን ጊዜ ከመቶ 2 እስከ 4 እጅ አልኮል ይዞ የሚወጣው፣ ፊልተር የሚባለው ደግሞ 5 እና 6 የሚደርሰው ይህ ሁሉ ከተጠበቀ ነው።

ድጋፉን ያነሣሁት ለጨዋታ አይደለም። የጋን ታች ድቡልቡል ነው። ሸክላ ሠሪዋ ያለ መሽከርከሪያ፣ በእጇ እየደረበች ስታሳድገው ጠፍጣፋ ታችና የሾለ ጠርዝ ትሸሻለች፤ ሲተኮስ ስንጥቅ የሚጀምረው ከማዕዘን ነውና። ድቡልቡሉ ታች አተላውን ወደ መካከል ሰብስቦ ስለሚያረጋው ከላይ የሚቀዳው ጠላ ይጠራል። ግን ይህ ቅርጽ ብቻውን አይቆምም። ትንሹ ዕቃ በማቶት ላይ ይቀመጣል፤ ትልቁ ጋን ጓዳ ውስጥ ወለሉ ጎድጎድ ተደርጎለት፣ ዙሪያውን ጠጠር ይወሸቅለታል። ጋን በጠጠር ይደገፋል የሚለውን ተረት ዛሬ የምንጠቅሰው ትልቅ ሰው ትንሹን ይፈልጋል ለማለት ነው። ከዚያ በፊት ግን የሥራ መመሪያ ነበር፤ ከሥሩ አንዱ ጠጠር ከሾለከ የሁለት ሳምንት ድካም ወለል ላይ ይፈሳል። ጋኑ ሲጎድል ለመቅዳት ዘንበል ማለት አለበት፤ ጠጠሩን ገፋ፣ ሳብ እያደረጉ ማዘንበል ደግሞ ከድቡልቡል ታች ጋር ብቻ የሚሄድ ብልሃት ነው።

የጽሑፍ ማስረጃው ጥቂት ቢሆንም የሚያሳየው አለው። ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው መቶ ዘመን የቤጃን ሰዎች ድል አድርጎ ወደ ሌላ አገር ሲያሰፍራቸው ያስቀረጸው ጽሑፍ፣ ከስድስት አለቆቻቸው ጋር 4,400 ለሚሆኑ ሰዎች ለአራት ወር በቀን 22 ሺህ ኅብስት መሰጠቱን ይቆጥራል። ከምግቡ ጋር ጠላና ወይን እስኪጠግቡ መጠጣታቸውንም ይጠቅሳል። ዳቦው በቁጥር፣ ጠላው በጥጋብ ተጽፏል። የጠላውን ልክ ባናውቅም ይህን ያህል ሕዝብ የሚያጠጣ መጠጥ በጥቂት እንስራ እንደማይገኝ ግልጽ ነው፤ ከጀርባው ብዙ ሸክላና ብዙ ጠማቂ እጅ ነበረ። በግዕዝ ስዋ የሚባለው ይህ መጠጥ በትግርኛ ስሙን እንደያዘ አለ፤ በኦሮምኛ ፋርሶ፣ በአማርኛ ጠላ ሆኗል።

ከዚያ ብዙ ዘመን ቆይቶ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊ ጀምስ ብሩስ ስለ ጤፍ ሲጽፍ የአገሩን መጠጥ አሠራር ይገልጻል። መጠጡን የሚጠራው በግብፅና በሱዳን በሚታወቀው ስም፣ ቡዛ ብሎ ነው። በደንብ የከሰለ ቂጣ ተሰባብሮ ትልቅ ዕቃ ውስጥ ይገባል፤ ለብ ያለ ውሃ ይሞላበታል፤ እሳት ዳር ተቀምጦ ለቀናት ይማሰላል፤ አፉ ግጥም ብሎ ይከደናል፤ ሦስት አራት ቀን ረግቶ መኮምጠጥ ሲጀምር ይጠጣል። ብሩስ ጠማቂ አልነበረም፤ ዓይኑ የያዘለት የዕቃውን ትልቅነት፣ የሙቀቱን ቦታና የአፉን መከደን ነው። ከውጭ የመጣ ሰው ያየውን ነው እኛ ስለለመድነው የማናየው።

አንባቢ እዚህ ላይ ሊሞግተኝ ይችላል፦ ጠላ ቤት የገባ ሰው የሚያጣጥመው ገብሱን እንጂ ሸክላውን አይደለም፤ ጠላም ከጠላ የሚለየው በእህሉ ነው። እውነት ነው፣ ይለያል። ነገር ግን ጠላ በገብስ፣ በዳጉሳ፣ በማሽላ፣ በበቆሎ፣ በጤፍም ይጠመቃል፤ ደጋው ያለውን፣ ቆላው ያለውን ያስገባል፤ ስሙ ግን ያው ጠላ ነው። የጌሾው መጠን እንኳ ከቤት ቤት ይለያያል። ሰው አንድን መጠጥ በብዙ እህል እየጠመቀ በአንድ ስም ከጠራው፣ ስሙ የያዘው ነገር እህሉ ሊሆን አይችልም። ጠላውን ከቀዱ በኋላ በድፍድፉ ላይ ውሃ ጨምረው የሚያገኙትን ቀጭን መጠጥ ቅራሪ ብለው በሌላ ስም ይጠሩታል፤ እህሉ ያው ነው፣ ጋኑም ያው ነው፣ የተለየው የተቀዳበት ተራ ነው። ተጣርቶ ያልጠራውም ጉሽ ይባላል። ስም የሚወጣው እንግዲህ በጋኑ ውስጥ እንደደረሰበት ደረጃ እንጂ በማሳው አይደለም።

ጋኑ ያደረገው ሌላም ነገር አለ፤ ሰውን ወደ ራሱ አስመጥቷል። የሞላ ጋን ሰው አያነሣውም፤ ቢነሣም ይሰበራል፣ ባይሰበር ይደፈርሳል። ስለዚህ ጠጪው ወደ መጠጡ መሄድ ነበረበት። ደቦ የጠራ ገበሬ ጥንስሱን ከአጨዳው ቀን ወደ ኋላ ቆጥሮ ያስጀምራል፤ የጽዋ ማኅበሩ ከቤት ቤት የሚዞረው ጽዋው ስለሚዞር ነው፣ ጋኑ ከባለ ተራው ጓዳ አይነቃነቅም። የከተማው ጠላ ቤትም ከመኖሪያ ቤት ያልተለየው በዚሁ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ። ከደጅ እንጨት ላይ ጣሳ ተደፍቶ ከታየ ውስጥ ጠላ አለ፤ ደንበኛው የሚቀመጠው የሴትዮዋ ሳሎን ውስጥ ነው። ባል የሌላት፣ ከገጠር የመጣች፣ መነሻ ገንዘብ የሌላት ሴት ሱቅ ሳትከራይ ነጋዴ የምትሆንበት መንገድ ይህ ነበር። በ1915 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ ያመጣው ትልቁ ለውጥ ከብቅል አዋቂነት ይልቅ ጠርሙሱ ይመስለኛል። ጠርሙስ ይጫናል፣ ይቆጠራል፣ ባለቤቱ በሌለበት ይሸጣል።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የፕላስቲክ በርሜሉ ነው። ዛሬ በከተማም በገጠርም ብዙ ጠላ የሚጠመቀው በፕላስቲክ በርሜል ነው፤ ጠላነቱን የካደው ሰው የለም። ታዲያ ጋኑ የት ገባ? ለበርሜሉ የሚገባውን ልስጠው፦ አይሰበርም፣ ይቀላል፣ ይታጠባል፣ ክዳኑም ከጭቃ ይሻላል። ነገር ግን ፍም ላይ አይደፋም፤ ስለዚህ ማጠኑ ሲቀር ወይም ሲቀንስ ከጠላው ባሕርይ ግማሹን የያዘው የወይራ ጢስ አብሮ ይሳሳል። ሸክላው በላቡ እየተነነ የሚሰጠውን ቅዝቃዜም ፕላስቲክ አይሰጥም። ጠጪዎች የድሮ ጠላ ጠፋ ሲሉ ብዙ ጊዜ ጥፋቱን በጌሾው ወይም በሴቶቹ ሙያ ላይ ያላክካሉ፤ ዕቃው መለወጡን ግን አያነሡም። ባሕር ማዶ ያለው ደግሞ ነገሩን በግልጽ ያሳያል። ዋሽንግተን አካባቢ ባሉ የሐበሻ መደብሮች ጌሾ ይገኛል፣ ገብስ ሞልቷል፤ የማይገኘው ጋን ነው።

ለጋኑ ይህን ያህል መሟገት የሴቶቹን ጀርባ መርሳት ነው የሚልም አይጠፋም፤ ውሃውን በእንስራ ያመላለሰች፣ እንኩሮውን ጢስ ውስጥ ያመሰች ሴት በርሜሉን ብትመርጥ ማን ይፈርድባታል? እኔም አልፈርድም። ሆኖም ጋኑን ከታሪኩ ማውጣት ሴቶቹን አይክስም፤ እንዲያውም ሌሎች ሴቶችን ጨርሶ ያጠፋል። ጋኑን የሠራችው ሸክላ ሠሪ በሠራችው ዕቃ እየተጠጣ ቡዳ ስትባል፣ ከጎረቤት ተለይታ ስትኖር የቆየች ናት። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ ማወጃቸው ስድቡ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ ይመሰክራል። አዲስ አበባ ውስጥ ከቀጨኔ ሴቶች፣ በጎንደር ዙሪያ ከቤተ እስራኤል ሴቶች እጅ የብዙ ጓዳ ዕቃ ወጥቷል። ጠላው ሲመሰገን የምትመሰገነው ጠማቂዋ ብቻ ናት፤ ጋን ሠሪዋን ማዕድ ላይ ያስቀመጣት ሰው አልነበረም። ከጎንደር ወጣ ብላ ያለችው ወለቃ በዚህ ሙያ የታወቀች ነበረች። ነዋሪዎቿ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተካሄዱት ጉዞዎች ዘመን ከሌሎች ቤተ እስራኤል ጋር ወደ እስራኤል ሄደዋል። ዛሬ እዚያ ከመንገዱ ዳር ለጎብኚ የሚሸጠው ሻንጣ ውስጥ የሚገባ ትንሽ የሸክላ ምስል ነው።