የጥርስ ሥር ሕክምና፦ ጥርስ ከመነቀሉ በፊት
ሌሊቱን በጥርስ ሕመም ሲሠቃይ ያደረ ሰው ሕመሙ በድንገት ሲተወው የዳነ ይመስለዋል። ብዙ ጊዜ ግን የተከሰተው ሌላ ነው፤ ነርቭና የደም ሥር የያዘው የጥርሱ ውስጠኛ ክፍል ሞቷል፤ ኢንፌክሽኑ ደግሞ ወደ መንጋጋ አጥንት መዝለቁን ይቀጥላል። ደም ወደማይደርስበት ጥርስ መድኃኒትም ስለማይደርስ፣ ፀረ ተሕዋስያን መዋጥ ብቻውን የችግሩን ምንጭ አያስወግድም።

በተለምዶ ሩት ካናል በሚባለው የጥርስ ሥር ሕክምና ሐኪሙ ቦታውን አደንዝዞ ጥርሱን ከላይ ይከፍታል። የታመመውን ክፍል በቀጫጭን ሞረዶች ጠርጎ ያወጣል፤ ቱቦዎቹን በፀረ ጀርም ፈሳሽ አጥቦ ጉታ ፐርቻ በተባለ፣ ከዛፍ በሚገኝ ሙጫ ይደፍናቸዋል። የፊት ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቱቦ ሲኖረው መንጋጋ ጥርስ 3 ወይም 4 ስላለው ሥራው ይረዝማል።

ሕመሙ ጠፋ ብሎ ሽፋን (ክራውን) ሳያስገጥሙ መቅረት የተለመደ ስሕተት ነው፤ የታከመ መንጋጋ ጥርስ በቀላሉ ይሰበራልና። ሥሩ ቁልቁል የተሰነጠቀ ጥርስ ግን ከመነቀል አይተርፍም።

እብጠቱ ወደ ዐይን ወይም ወደ አንገት ከወረደ፣ ትኩሳት ካለ ወይም መዋጥና መተንፈስ ካስቸገረ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል።