የጢሱ ምንጭ ፍለጋ፦ ከፋብሪካ እስከ እርሻ አፈር

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1943 በአሜሪካ፣ በሎስ አንጀለስ ከተማ ላይ የወረደው ጢስ ዓይን የሚያቃጥልና እይታን የሚጋርድ ነበር። ዘመኑም የጦርነት ዘመን በመሆኑ፣ የጠላት መርዝ ጋዝ ነው ብለው የጠረጠሩ አልታጡም። ቀጥሎም ጥፋቱ ለሰው ሠራሽ ጎማ የሚሆን ኬሚካል ያመርት በነበረ አንድ ፋብሪካ ላይ ተጣለ። ይሁን እንጂ ፋብሪካው ለጊዜው ቢዘጋም ጢሱ አልተወገደም።

እውነተኛው መልስ የተገኘው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። የካሊፎርኒያ ቴክኖሎጂ ተቋም የኬሚስትሪ ሊቅ የነበሩት አሪ ሃገን ስሚት፣ ናይትሮጅን ኦክሳይድና ሃይድሮካርቦን በፀሐይ ብርሃን ኃይል ኦዞን እንደሚፈጥሩ በሙከራ አስረዱ። ከዚህም የተነሣ ሕጉ ፊቱን ወደ መኪና አዞረ። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ናይትሮጅን ኦክሳይድን ጭምር የሚቀንስ ካታሊቲክ ኮንቨርተር በመኪናዎች ላይ ይገጠም ጀመር፤ የከተማይቱም አየር እያደር ተሻሻለ።

ነገር ግን ይህ ጋዝ የሚወጣው ከሞተር ብቻ አይደለም። ሩሲያዊው ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ በ1890 ገደማ እንዳረጋገጡት፣ በአፈር የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ወደ ናይትሬት ይለውጣሉ። በዚሁ ሂደት ከናይትሮጅኑ ጥቂቱ ናይትሪክ ኦክሳይድ ሆኖ ወደ አየር ያመልጣል። ማዳበሪያው ከሰብሉ ፍላጎት ሲበልጥ፣ አፈሩ ሲሞቅ፣ እንዲሁም ደርቆ ከቆየ በኋላ ውሃ ሲያገኝ የሚያመልጠው ይበዛል። በጋው ሞቃት፣ እርሻው በመስኖ የሚለማ የሆነው የካሊፎርኒያ ማዕከላዊ ሸለቆ ለዚህ የተመቸ ነው።

ታዲያ መጠኑ ምን ያህል ነው? በ2018 የታተመ ጥናት ከግዛቲቱ ናይትሮጅን ኦክሳይድ ከ20 እስከ 32 በመቶ የሚሆነው ከእርሻ አፈር እንደሚወጣ ገመተ። በ2020 የወጣ ሌላ ጥናት ግን 1 በመቶ ገደማ ብቻ ነው አለ። ክርክሩ የቁጥር ብቻ አይደለም። የፊተኛው እውነት ከሆነ፣ የመኪናን ጭስ ብቻ ማጥበቅ የሸለቆውን ነዋሪ ሳንባ አያድንም፤ የኋለኛው እውነት ከሆነ ደግሞ በገበሬው ላይ የሚጣለው ሸክም ያላግባብ ይሆናል። የመኪናው ድርሻ በቀነሰ መጠንም፣ ያልተቆጠረው ምንጭ ድርሻ እየጎላ መሄዱ አይቀርም።

በ1943 ከመለካት በፊት ተፈረደ፤ ጢሱም በቦታው ቀረ። ስለሆነም የአፈርን ትንፋሽ በየማሳውና በየወቅቱ መለካት የሙያችን ግዴታ ነው። እስከዚያው ግን ማዳበሪያን በሰብሉ ፍላጎት ልክና በወቅቱ መስጠት ማንንም አይጎዳም፤ ወደ አየር የሚያመልጠው ናይትሮጅን ገበሬው ዋጋ የከፈለበት ነውና።